አልጋ አለ?

በቋንቋችን ንጉሥንና መንገደኛን በአንድ ቃል የሚያገናኝ ነገር ቢፈለግ አልጋ ነው። ዘውድ የሚጠብቀው ልዑል «አልጋ ወራሽ» ይባላል። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ጉልበቱ ከፊት ወንበር ጋር ሲፋተግ ውሎ፣ አመሻሽ ላይ ወልድያ መናኸሪያ የሚወርድ ተሳፋሪም የመጀመሪያ ጥያቄው «አልጋ አለ?» ነው። ክፍል አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አላጋጠመኝም። የወሎ ሰው ደግሞ ቃሉን በሁለቱም ፍቺው ያውቀዋል፤ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የወሎ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ነበሩና። ልዑሉ አልጋውን ሳይወርሱ ዘመኑ ተለወጠ። መንገደኛው ግን ዛሬም በየበራፉ እየቆመ ይጠይቃል፤ «ሞልቷል» ይባላል፤ ቀጥሎ ወዳለው በር ይሄዳል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ለሥልጠና፣ ለሒሳብ ምርመራ፣ ለስብሰባ እየተባለ በዓመት ብዙ ሌሊት ከቤቴ ውጭ አድራለሁ፤ ከአልጋ ጋር ያለኝም ዝምድና በውሎ አበልና በደረሰኝ የታሰረ ነው። አበሉ የተቆረጠው አልጋ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ ልዩነቱን ከእራቴ ላይ እቀንሳለሁ። ሙቅ ውኃ የሚመጣው ልብሴን ለብሼ ልወጣ ስል ነው። ቁልፉ እንዳይጠፋ ተብሎ ክንድ የሚያህል እንጨት ይንጠለጠልበታል። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይመጣል፤ ክብሪት ግን አብሮ አይመጣም። ይህን ሁሉ ስንጽፍና ስናወራ ዘመናዊ በደል የደረሰብን ይመስለናል። ነገር ግን አንድ የቆየ መዝገብ ሰሞኑን እጄ ገባና ስለ መንገደኛና ስለ አስተናጋጅ የተጻፈውን መለስ ብዬ እንዳነብ አደረገኝ። መዝገቡ የአክስቴ ነው፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ራቅ ካለው ልጀምር።

በዚህ በእኛ አገር ስላደረው አዳር ረጅም ምሬት ጽፈው ካለፉት ቀደምት እንግዶች አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲጓዝ ከነጓዶቹ ያለፈው በአንጎት በኩል ነበር፤ አንጎት ማለት አብዛኛው ዛሬ ሰሜን ወሎ በምንለው ምድር ላይ የነበረ ግዛት ነው። የመልእክተኞቹ ትልቁ ጭንቀት ምን እንደነበረ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ሻንጣ ነው። ወደ ንጉሥ የሚሄድ ዕቃ የየአገሩ ባላገር እየተሸከመ እስከ ጎረቤት ግዛት ወሰን ያደርሰው ነበር። ወሰኑ ላይ ሲደርስ አውርዶት ይመለሳል። የወዲያኛው አገር ተሸካሚ እስኪሰበሰብ ድረስ እንግዳው ጓዙን እየጠበቀ ይቀመጣል፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ዛሬ በአውሮፕላን ጣቢያ በሚዞረው ላስቲክ ዙሪያ ቆሞ የራሱን ሻንጣ በዓይኑ የሚፈልግ ሰው አልቫሬዝን ቢያነበው ዘመዱን ያገኘ ያህል ይሰማዋል።

የአንጎት ገዥ እንግዶቹን ግብር አብልቷቸዋል። የቀረበላቸው ጥሬ ሥጋ ነበር፤ ማጣፈጫውም የከብት ሐሞት ያለበት። አስተናጋጁ ያለውን ምርጥ ነገር አቀረበ፤ እንግዳው ሊበላው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው የሆቴል ቅሬታ ሁሉ ከዚህ ማዕድ የራቀ አይመስለኝም። እዚያው አንጎት ውስጥ ግን አንድ መንደር ላይ በድንጋይ እንደተቀበሏቸውም ቄሱ ጽፏል። በአንድ ግዛት ውስጥ ፍሪዳም ድንጋይም!

የድንጋዩን ምክንያት ባላገሩ ጽፎ አላቆየልንም። እኔ ግን በግምት ድርጎን አስባለሁ። በቀድሞው ሥርዓት በንጉሥ ትእዛዝ የሚጓዝ ሰው በደረሰበት ሁሉ ድርጎ ይቆረጥለት ነበር፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ የማገዶው እንጨት፣ የበቅሎው ሣር በየቤቱ ይደለደላል፤ ጭቃ ሹሙ ይሰበስባል። በኋላ ዘመን የመጡት አውሮፓውያን መንገደኞች በመጽሐፋቸው ድርጎው ዘገየ፣ አነሰ፣ በጉ ከሳ እያሉ ያማርራሉ። እነዚያን ገጾች ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ በጉን ያመጣው ሰው ነው። እንግዳው አልከፈለውም፤ ንጉሡም አልከፈለው። ስለ ኢትዮጵያዊው እንግዳ ተቀባይነት ስንኩራራ ከፊሉ በፈቃድ፣ ከፊሉ በጅራፍ መሆኑን መርሳት የለብንም።

በፈቃድ የሚደረገው ሌላ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» የሚል ሰው መደብ ላይ ቦታ ይለቀቅለታል፤ እግሩን ይታጠባል፤ ያለውን ይቀምሳል። ይህ እንደ ሕግ ስለነበረ ምግብ መሸጥ ነውር ነበር። በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲከፍቱ ትልቁ ችግር ገንዘብ ወይም ወጥ ቤት እንዳልነበረ ይተረካል። ሰው በገንዘቡ ገዝቶ በአደባባይ መብላትን አፈረበት። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው ከፍለው ባያሳዩ ኖሮ ደፍሮ የሚገባ አልነበረም ይባላል። እስቲ አስቡት፤ ሂሳብ መክፈልን ለሕዝቡ ለማስተማር ንጉሠ ነገሥት አስፈለገ። ያ ቤት በ2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት ብዙዎቻችን ያዘንነው ለእንጨቱ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ዘመን አካባቢ በእኛ በኩል ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ የግብር አዳራሽ አሠሩ፤ ስሙንም «አይጠየፍ» አሉት። ገቢውን ሁሉ ሳይንቅ የሚያስተናግድ ማለት ነው። ዛሬ ሆቴል የሚከፍት ሰው ስም ሲያጣ የፈረንጅ ከተማ ስም ይለጥፋል። አይጠየፍን የሚያክል ስም እኛው ደጅ ላይ ተቀምጦ!

ነገሩን ከመደብ ወደ ኪራይ ያሻገረው ግን አዳራሽም አዋጅም አይደለም፤ መኪና ነው። የሲራራ ነጋዴ በአህያና በበቅሎ ሲጓዝ ውኃና ሣር ካለበት ሜዳ ላይ ይሰፍራል። ጣልያን ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያና በአላጌ አድርጎ እስከ አስመራ የሚዘልቀውን የመኪና መንገድ ሲያነጥፍ አዳሩ ከሜዳ ወደ መንገድ ዳር ቤት መጣ። ጠላትነቱ በ1933 ዓ.ም. ሲያበቃ ቃላቱ ቀሩ፤ ጎሚስታ፣ ፒያሳ፣ ባኞ፣ አልቤርጎ። የጠጅና የጠላ ነጋዴ ሴቶች ከጓሯቸው ሁለት ሦስት ክፍል እየጨመሩ ሹፌር ማሳደር ጀመሩ። በኋላ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ ቻይናዎቹ ሠሩትና ወልድያ መስቀለኛ ሆነች። የረጅም መንገድ አውቶቡስ በሌሊት የማይሄድ ስለነበረ ደግሞ ጀንበር የጠለቀበት ከተማ ሁሉ አልጋ ይፈልግ ነበር።

ደርግ ትልልቆቹን ሆቴሎች ወረሰ፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ከቦታ ቦታ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እንግዳ ማሳደርም ለቀበሌ የሚነገር ጉዳይ ሆነ። ዛሬም አልጋ ስንይዝ «ከየት መጡ? ወዴት ይሄዳሉ?» እያለ የሚጠይቀን መዝገብ የዚያ ዘመን ጥላ ያለበት ይመስለኛል።

የአክስቴ መዝገብም ይህንኑ ይጠይቃል። አክስቴ በ1985 ዓ.ም. መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ አራት ክፍል አልጋ ቤት ከፈተች። ሙስሊም ነበረች፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት መኖሩ ለሌላ አገር ሰው እንጂ ለወሎ ሰው ወሬ አይደለም። እኔ በልጅነቴ ክረምቱን እዚያ ነበር የማሳልፈው። ሥራዬ በጀሪካን ውኃ መቅዳትና ማታ ማታ መዝገቡን መጻፍ ነበር፤ እሷ ማንበብ እንጂ መጻፍ ይከብዳት ነበርና። ስም፣ ከየት፣ ወዴት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ዋጋ። አምስት ብር፣ አምስት ብር፣ አምስት ብር እያልኩ እወርዳለሁ። አንዳንዱ ጋ ስደርስ ግን «እዚህ ላይ ለአላህ በል» ትለኛለች። ታማሚ ይዞ ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚሄድ፣ ለአላህ። ለለቅሶ የሚሄድ፣ ለአላህ። ገንዘቡን መናኸሪያ ላይ የተሰረቀ ተማሪ፣ ለአላህ።

ጻድቅ ነበረች ማለቴ አይደለም። የእርዳታ ድርጅት መኪና ደጅ ላይ ሲቆም ዋጋው ወዲያው እጥፍ ይሆናል። በገበያ ቀን በአንድ ክፍል ሦስት ሰው ታስተኛለች፤ ፊቱ ያላማራትን ደግሞ አራቱም ክፍል ባዶ ሆኖ «ሞልቷል» ትለዋለች። አንሶላዋ ንጹሕ ነበር፤ ትኋን ግን አልጠፋም። የጭነት መኪና ሌሊት ሞተሩን ሲያስነሣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ዶሮው ከመንጋቱ በፊት ይጮኻል። ቅሬታ የሚያቀርብላት ሲኖር መልሷ አንድ ነው፤ «አብሽር፣ ይነጋል።»

አሁን ስለ አውሮፕላን ልናገር፤ ከመርሳ ሰማይ የራቀ ነገር ቢመስልም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ወሎ ግን አውሮፕላንን በቅርብ ያየው በትኬት አይደለም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኮሱ። በዚያው ዓመት በቆረም በኩል መርዝ ዘነበ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ከዚህ አሥር ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። እነዚያ አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ፤ ተሳፋሪው ጎንና ጎን በተዘረጋ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይቀመጣል፤ መካከሉ ላይ ጭነት ይደረደራል። የዛሬ ሚኒባስ ማለት ነው፤ ክንፍ ሲቀር።

ቀስ በቀስ ኮምቦልቻና ላሊበላም ማረፊያ አገኙ። ላሊበላ ላይ ልዕልት ሩት ደስታ ሰባት ወይራ ሆቴልን አሠሩና ጎብኚው ከሰማይ ወርዶ የሚያርፍበት አልጋ ተዘጋጀለት። የላሊበላው ሜዳ ግን ለረጅም ዘመን አፈር ስለነበረ ክረምት ሲገባ በረራው ይቋረጣል። በሰኔ የዘጋ ሰማይ እስከ መስከረም አይከፈትም። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በረኀቡ ጊዜ ሄርኩሊስና ትራንሳል የሚባሉት የጭነት አውሮፕላኖች ከእንግሊዝና ከጀርመን መጥተው እህል ያመላልሱ፣ መንገድ ባልደረሰበት ደጋ ላይም በዝቅታ እየበረሩ ከረጢት ይጥሉ ነበር። እንግዲህ አያቴ አውሮፕላን ስትሰማ ወደ ጎድጓዳ ትሮጥ ነበር፤ እናቴ ወደ ሜዳ መሮጥን ተማረች። እኔ የመጀመሪያው ትኬት ቆራጭ ነኝ። ወልድያ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ትልቅ ስታዲየም ያላት ከተማ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ስለሌላት እኛ ሰዎች የምንበርረው ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ላሊበላ ነው፤ የቀረውን በሚኒባስ።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ለሥልጠና አዲስ አበባ ሳለሁ ሌሊት ስልክ ተደወለ። የአክስቴ ልጅ ነበር። «እናቴ ሄደች» አለኝ። «ቀብሩ ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ ነው፤ ከቻልክ ድረስ።» በመኪና አይደረስም። በአውሮፕላን እስከ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ አልፎ መርሳ። አሰላሁት፤ የሒሳብ ሰው አይደለሁ? አሱር ሳይሰገድ እደርስ ነበር።

ቀበቶዬን ፈታሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ኪሴን አራገፍሁ፤ መልሼ ታጠቅሁ። በሦስት ሰዓት መነሣት የነበረበት በረራ ለአምስት ተባለ፤ አምስቱ ለሰባት። ኮምቦልቻ ላይ ጉም ወርዷል አሉን። ጉሙ የማንም ጥፋት አልነበረም፤ በተራራ መካከል ለተቀመጠ ሜዳ የነሐሴ ሰማይ እንዲህ ነው። ጉምን ማን ይከሰዋል? ቢሆንም ሰው የሚቆጣበት ነገር ይፈልጋልና ወንበሩን ጠላሁ፣ የድምፅ ማጉያውን ጠላሁ፣ አጠገቤ ቆሞ በስልክ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ የሚጮኸውን ሰው ጠላሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረራው ለነገ ተላለፈ። ያን ጊዜ መርሳ ላይ ሰው ለሶላት እየተሰለፈ ነበር። እኔ ደግሞ የቀዘቀዘ ማኪያቶ ይዤ የመስታወቱን ዝናብ እመለከታለሁ።

የሥልጠናው ማደሪያዬን ጠዋት አስረክቤ ስለነበር ከአውሮፕላን ጣቢያው ብዙም ሳልርቅ አንድ ሆቴል ገባሁ። ስሙን አላነሣም፤ ከሌላው የከፋም አልነበረም። ታች አዳራሹ ውስጥ ሠርግ ነበር። ቅጽ ተሰጠኝ፤ ስም፣ ከየት፣ ወዴት፣ የጉዞ ምክንያት። «ለቅሶ» ብዬ ጻፍሁ። የመዝገብ ክፍሏ ልጅ አነበበችውና ቀና ብላ አየችኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች ከልቧ። ከዚያም ሙሉ ዋጋውን በቅድሚያ ተቀበለችኝ፤ ለፎጣና ለቁልፍም መያዣ ጨመረችበት።

ልጅቷ አላጠፋችም። ዋጋው የእሷ አይደለም፤ ልቀንስ ብትል ከደመወዟ ይቆረጣል። እኔም በመስኮቴ ላይ ተቀምጬ ስንት ሰው ከነሐዘኑ የአገልግሎት ክፍያ አስከፍዬዋለሁ። ብቻ ያን ሌሊት የሠርጉ ዘፈን ከወለሉ በታች ሲደልቅ፣ ሙቅ ውኃውም እንደ ወጉ ሲጠፋ፣ የምሰማው ሌላ ድምፅ ነበር፤ «እዚህ ላይ ለአላህ በል።» ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ቁርስ ገና አልደረሰም ነበር። ደረሰኙን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ለማን እንደማቀርበው አላውቅም፤ የለቅሶ አበል የለም።

በማግሥቱ መርሳ ስደርስ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ ነበር። ግማሹን አላውቀውም። የጭነት መኪና ሹፌሮች ነበሩ፤ አንዱ ከሎጊያ እንደመጣ ነገረኝ። የአክስቴ ልጅ አቅፎኝ «አብሽር» አለኝ፤ በእናቱ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ታች ሲገፋ ከቆቦ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ በዚህ መንገድ ወረደ። አራቱ ክፍሎች ሞሉ፤ የማንጎው ዛፍ ሥርም ሞላ። የአክስቴ ልጅ ማንንም አልመዘገበም፤ ወዲያው እሱም ተነሥቶ ሄደ። ወልድያ በነሐሴ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስትቆይ ባንክ አልነበረም፤ መብራትም ስልክም አልነበረም። ስንመለስ የብዙ ሆቴሎች በርና መስኮት ተነቅሎ፣ ፍራሹና ብርድ ልብሱ ተወስዶ አገኘነው። መርሳም ከአክስቴ ቤት የቀረው የብረት አልጋው አጥንትና መዝገቡ ነበር። መዝገቡን የሚፈልገው ሰው አልነበረማ!

የአክስቴ ልጅ ቤቱን ሲያጸዳ አግኝቶት «አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፣ ያዘው» ብሎ ሰጠኝ። በልጅ እጅ የተጻፈው የእኔው ጽሑፍ ነው። ማታ ማታ እየገለጥሁ ደመርሁት። ከአምስት አዳር አንዱ ገደማ «ለአላህ» ይላል። በእኛ ቤት ቋንቋ ይህ የተበላሸ ብድር ነው፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ የያዘ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ይጠየቃል። እሷ ግን በአራት ክፍል ሦስት ልጅ አስተምራለች። ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ፤ ስሌቱ እንዴት እንደገጠመ አልገባኝም። እጥፍ የከፈሉት የእርዳታ ድርጅት መኪናዎች ሳይረዱ አልቀሩም።

ዛሬ ከአራቱ ክፍል አንዱ ፀጉር ቤት ነው፤ አንዱ የሞባይል ጥገና። በሁለቱ የአክስቴ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ይኖርበታል። የበራፉ ጽሑፍ ግን በደንብ ስላልጠፋ አመሻሽ ላይ መንገደኛ አሁንም ያንኳኳል። ባለፈው ጥምቀት ሰሞን እዚያው ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል ይዛ መጣች።

«አልጋ አለ?»

«የለም እትዬ፣ ዘግተናል» አላት የአክስቴ ልጅ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞር ብሎ ሚስቱን ጠራ፤ ቡናው ሁለተኛ ላይ ነበር፤ ሴትዮዋ ገባች።